የወርቅ አፈጣጠር ላጠና ሰው ሜዳልያ ለምን? ሀዋሳ ላይ የምሰማቸው የተሳሳቱ ነገሮች እና እውነታው

ሀዋሳ ውስጥ ጂኦሎጂ ተምሬያለሁ ካልክ ስለ ወርቅ መጠየቅህ አይቀርም፣ አዶላና ሻኪሶ ከኛ በስተደቡብ ናቸው፣ ወርቅ ፍለጋ ሄዶ የመጣ ሰው ደግሞ በየሰፈሩ አለ። እና የብረታ ብረት ማዕድን እንዴት እንደሚፈጠር ላጠኑ ሳይንቲስቶች በየዓመቱ ትልልቅ ሽልማት እንደሚሰጥ ባወራሁ ቁጥር ያው ተመሳሳይ መልስ ነው የምሰማው። ዛሬ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ልጻፈው ብዬ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው)።

"ሽልማቱ ወርቅ ላገኘ ሰው ነው አይደል?" ይሉኛል። ክምችት ላገኙ የሚሰጥ ሽልማትም አለ፣ እኔ የማወራው ግን ማዕድኑ ለምን እዛ ቦታ ላይ ተሰበሰበ የሚለውን ላስረዱ ሰዎች ስለሚሰጠው ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1920 የተመሰረተው የኢኮኖሚክ ጂኦሎጂስቶች (ጥቅም የሚሰጡ ማዕድናትን የሚያጠኑ ሰዎች) ማህበር ከ1923 ጀምሮ የፔንሮዝ የወርቅ ሜዳልያ ይሰጣል። ለወጣት ተመራማሪዎች ደግሞ በዋልድማር ሊንድግሬን ስም የተሰየመ ሽልማት አለው። ሊንድግሬን ስዊድን ተወልዶ አሜሪካ የሰራ ሰው ነው፣ የማዕድን ክምችቶችን በተፈጠሩበት ጥልቀትና ሙቀት የከፋፈለው እሱ ነው፣ ዛሬም ድረስ ከሱ የወረስናቸውን ስሞች እንጠቀማለን። ኖቤልስ? ኖቤል የጂኦሎጂ ዘርፍ የለውም፣ ለዛ ነው ብዙ ሰው እነዚህን ሰዎች ሰምቷቸው የማያውቀው፣ በጣም ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። በጣም የተስፋፋው አመለካከት ወርቅ ከመሬት ሆድ ቀልጦ እንደ እሳተ ገሞራ ፈሶ ወጣ የሚለው ነው። ንጹህ ወርቅ የሚቀልጠው 1,064 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው፣ አብዛኛው የወርቅ ክምችት ግን የተፈጠረው ከዛ በጣም ባነሰ ሙቀት፣ ብዙ ጊዜ ከ200 እስከ 400 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው። ያመጣው ነገር የጋለ ውሃ ነው! ውሃው ጨው ወይም ሰልፈር ሲኖረው ከአለቱ ውስጥ በጣም ጥቂት ብረት (ወርቅ፣ መዳብ፣ ዚንክና የመሳሰሉትን ማለቴ ነው) እያሟሟ ይዞ በስንጥቅ ይሄዳል፣ ከዛ ሲቀዘቅዝ ወይም ግፊቱ ሲወርድ ወይም ሌላ ዓይነት አለት ሲያገኝ የያዘውን መሸከም ስለማይችል ጥሎት ያልፋል፣ ብዙ ስኳር የገባበት ሻይ ሲቀዘቅዝ ስኳሩ ታች እንደሚቀመጠው ማለት ነው። ተራ አለት በቶን ውስጥ ሁለት ሚሊግራም ገደማ ወርቅ ነው ያለው፣ ማዕድን ሆኖ እንዲቆፈር ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ግራምና ከዛ በላይ ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ተፈጥሮ በመቶዎች እጥፍ ማጠራቀም አለባት።

ይሄ እንዴት ታወቀ ለሚል፣ ኳርትዝ የሚባለው ብዙ ጊዜ ነጭ የሆነ ጠንካራ ማዕድን ሲያድግ ከዛ ውሃ ላይ ከፀጉር ውፍረት ያነሱ ጠብታዎችን ውስጡ ይዘጋል። እንግሊዛዊው ሄንሪ ክሊፍተን ሶርቢ በ1858 እነዚህን ጠብታዎች በማይክሮስኮፕ አይቶ በውስጣቸው ያለው አረፋ ስንት ዲግሪ ላይ እንደሚጠፋ በማየት ድንጋዩ የተፈጠረበትን ሙቀት መገመት እንደሚቻል አሳየ። በ1979 ደግሞ አልቪን በተባለችው ሰርጓጅ መርከብ ፓስፊክ ውቅያኖስ ወለል ላይ የወረዱ ሳይንቲስቶች ወደ 350 ዲግሪ የሚጠጋ ጥቁር ውሃ ከታች ሲወጣና መዳብና ዚንክ ያለበት ማዕድን እዛው ፊታቸው ሲጠራቀም አዩ። ለኛ ቅርብ ደግሞ ቀይ ባህር አለ፣ ከ2,000 ሜትር ገደማ በታች ብረት የተሸከመ ትኩስ ጨዋማ ውሃ የተኛበት ጉድጓድ በ1960ዎቹ ተገኝቷል፣ እሱን ሳስብ ሁሌ ይገርመኛል።

"እንግዲያው ወንዶ ገነት ፍልውሃ አለ፣ ወርቅም አለ ማለት ነው" የሚል ጥያቄ ወዲያው ይከተላል፣ ጥያቄው ራሱ ጥሩ ነው። ግን ፍልውሃ መኖሩ ብቻ አይበቃም፣ ብረቱን የሚሰጥ አለት፣ ብረቱን የሚያሟሟ ነገር፣ መተላለፊያ ስንጥቅ እና በአንድ ቦታ የሚያስጥለው ምክንያት አንድ ላይ መገጣጠም አለባቸው። ሻኪሶ አጠገብ ያለው የለገደምቢ ወርቅ ያለበት አለት ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው፣ በሀዋሳ ዙሪያ የምናየው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ግን ከሱ ጋር ሲተያይ የትናንት ልጅ ነው። ስምጥ ሸለቆው ባዶ ነው አላልኩም፣ አፋር በኩል ከፍልውሃ ጋር የተያያዘ ወርቅ ኩባንያዎች ፈልገዋል። ብቻ ታቦር ተራራ ስር ቆፍሩ የሚላችሁን ሰው አትስሙ።

ሌላው "ክምችት ለመፈጠር ሚሊዮንና ሚሊዮን ዓመት ይፈጃል" የሚለው ነው። አለቱ አርጅቷል ማለት ወርቁ ቀስ ብሎ ገባ ማለት አይደለም። ፓፑዋ ኒው ጊኒ ሊሂር ደሴት ላይ ላዶላም የሚባል ግዙፍ የወርቅ ክምችት አለ፣ ስቱዋርት ሲመንስ እና ኬቨን ብራውን ከስሩ ያለውን ትኩስ ውሃ ለክተው በዓመት 24 ኪሎ ገደማ ወርቅ እንደሚሸከም በ2006 አሳተሙ፣ በዛ ሂሳብ ክምችቱ በ55,000 ዓመት አካባቢ ሊሞላ ይችላል። የመሬት መንቀጥቀጥም ድርሻ አለው፣ በ2013 ዲዮን ዌዘርሊ እና ሪቻርድ ሄንሊ ስንጥቁ በድንገት ሲከፈት ግፊቱ ስለሚወድቅ ውሃው ወዲያው ተንኖ ኳርትዙንና ወርቁን እዛው ጥሎት እንደሚሄድ በስሌት አሳይተዋል።

ዝናብ ሲዘንብ ወርቅ ይበቅላል የሚለውን በአጭሩ ልለፈው፣ አይበቅልም፣ ጎርፉ ከላይ ያለውን አፈር አጥቦ ከባዱን ወርቅ ወንዙ ውስጥ ስለሚያስቀምጠው ነው።

መጨረሻ ላይ የሚያናድደኝ "ጥናት ወረቀት ነው፣ ወርቁን የሚያውቀው ቆፋሪው ነው" የሚለው ነው። ቆፋሪው በእርግጥ ያውቃል፣ አንድም ቀን ንቄው አላውቅም፣ ጥናቱ ግን እሱ ከሚያየው ላይ ነው የሚቀጥለው። ለምሳሌ ከወንዝ አጥባችሁ ያወጣችሁት ፍሬ ጫፉ ሹልና ሸካራ ከሆነ፣ ኳርትዝም ከተጣበቀበት፣ የመጣበት ጅማት (በአለቱ ስንጥቅ ውስጥ የተሞላው ወርቅ ያለበት ኳርትዝ) ቅርብ ሊሆን ስለሚችል ወደ ላይኛው ዳገት ሂዱ፣ ጠፍጣፋና ለስላሳ ከሆነ ደግሞ ከሩቅ ተንከባሎ የመጣ ስለሚሆን ጅማቱን ፍለጋ እዛው አጠገብ ጉድጓድ መቆፈር ጉልበት መጨረስ ነው።