ሰማያዊው ቀለም ስለለቀቀ ጨርቁ አስመሳይ ነውን?

ከባሕር ዳር ገበያ የተገዛ፣ በኢንዲጎ (ከተክል በሚገኝ ሰማያዊ ማቅለሚያ) የተነከረ አሮጌ ጨርቅ ነጭ ነጠላ ላይ ሰማያዊ ባስነካ ቁጥር «አስመሳይ ነው» የሚል ክርክር በመካከላችን ስለሚነሣ፣ ነገሩን ላስረዳ። ኢንዲጎ በውኃ አይሟሟም፤ የሚሟሟው በመንከሪያው ጋን ውስጥ ኦክስጅን ሲያጣ ነው፤ ክሩም ቢጫማ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣና አየር ሲያገኘው ሰማያዊ ይሆናል (ለዓይን ደስ የሚል ትዕይንት ነው)። ስለዚህ ብዙው ቀለም ክሩ ውስጥ ሳይዘልቅ ላዩ ላይ ስለሚቀር፣ ሲታሽ ይለቃል። የሰሃራ በረሃ ሕዝብ የሆኑት ቱዋሬጎች «ሰማያዊ ሰዎች» የተባሉት በኢንዲጎ የተነከረው የጥምጥማቸው ቀለም ፊታቸውን ስለሚያቀልመው ነው። እንግዲህ መልቀቁ ብቻውን አስመሳይነትን አያረጋግጥም፤ መጠኑ ግን እንደ ነካሪው እጅና እንደ አጠባው ይለያያል። ዕድሜውንም በቀለሙ መገመት አይቻልም፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1897 ጀምሮ ለገበያ የቀረበው የፋብሪካ ኢንዲጎ ከተክሉ ከሚገኘው ጋር አንድ ዓይነት ንጥረ ነገር ነው።