አንቲረስት ምንድን ነው?

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቀው የአክስቴ ቤት በረንዳ ላይ አንድ የብረት ፋኖስ ተንጠልጥሏል። በንጉሡ ዘመን የተሠራ ነው፤ ስድስት ገጽ አለው፣ ማንጠልጠያው እንደ ሐረግ ተጠማዝዟል። ዝገቱ ሲበዛበት አክስቴ ወደ አንድ ብየዳ ቤት ላኩት። በማግስቱ ቀይ ቡናማ ሆኖ ተመለሰ። «እትዬ፣ አንቲረስት ጠጥቷል፤ ከእንግዲህ ዝገት አይደርስበትም» ብሏቸው ነበር ባለሙያው። ክረምቱ ሳይወጣ ቀለሙ እዚህም እዚያም አብጦ፣ በጣት ሲነኩት እየተፈረፈረ ይወርድ ጀመር።

ጥፋቱ የቀለሙ አይደለም። ሰውን የሚያሳስተው ስሙ ነው። «ፀረ ዝገት» ሲባል ብዙዎቻችን እንደ ተባይ ማጥፊያ ያለ፣ የተረጨበትን ዝገት የሚገድል መድኃኒት ይመስለናል። አንቲረስት ግን የተፈጠረ ዝገትን አያጠፋም። በንጹሕ ብረት ላይ በመጀመሪያ የሚቀባ ቀለም ነው፤ ብረቱን ከእርጥበት ይጋርዳል፣ ከላዩ ለሚመጣው ቀለም ደግሞ መያዣ ይሆናል።

ዝገት ብረት ከኦክስጅንና ከውሃ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ነገር ነው። የግድ ዝናብ መምታት የለበትም። የአየሩ እርጥበት ከ60 በመቶ ገደማ ካለፈ በዓይን የማይታይ ስስ የውሃ ሽፋን ብረቱ ላይ ያርፋል፤ ያ ይበቃዋል። በባሕር ዳር ክረምት ደግሞ እርጥበት የዘወትር እንግዳ ነው። በዚያ ላይ ማታ ማታ ብርሃን ፈልገው ፋኖሱ ውስጥ ገብተው የሚሞቱት የሐይቅ ዳር ነፍሳት ታች ተከማችተው እርጥበት ያቁራሉ። ደግነቱ ጣና ጨው አልባ ነው። ጨው ዝገትን ስለሚያፋጥን ይህ ፋኖስ ምጽዋ ወይም ጅቡቲ ተሰቅሎ ቢሆን ኖሮ ለእኔ ዘመን የሚደርስ አይመስለኝም።

ዝገት ከተፈጠረበት ብረት ከሁለት እጥፍ በላይ ቦታ ይይዛል፤ እንደ ስፖንጅም ውሃ ይመጥጣል። በላዩ ቀለም ሲቀባበት ቀለሙ የሚይዘው ብረቱን ሳይሆን ሊረግፍ የተዘጋጀውን ቅርፊት ነው። ውስጥ የቀረው እርጥበት ሥራውን ይቀጥላል፣ ዝገቱ ያብጣል፣ ቀለሙን ከሥር ገፍቶ ያነሣዋል። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንዲሉ፣ አንድ ቦታ ከተሰነጠቀ የቀረው ቀላል ነው።

እኔን እስከ ዛሬ የሚገርመኝ የቀለሙ ነገር ነው። የተለመደው አንቲረስት ቀይ ቡናማ የሆነው በብረት ኦክሳይድ ዱቄት ስለሚሠራ ነው፤ ማለትም በዝገት የሥጋ ዘመድ! ዱቄቱ ግን ከኦክስጅን ጋር ያለውን ጉዳይ ጨርሶ የተቀመጠ ስለሆነ ከእንግዲህ አይለወጥም። መከላከሉን በዋናነት የሚሠሩት ዱቄቱን አያይዞ የሚደርቀው ሙጫና በተሻሉት ዓይነቶች ውስጥ የሚጨመረው ዚንክ ፎስፌት ናቸው። ድሮ በዚህ ቦታ የነበረው ቀይ የእርሳስ (ሊድ የሚባለው ማዕድን) ኦክሳይድ ነበር። ከዝገት በመከላከል የሚያህለው አልነበረም፤ ለሰው፣ በተለይም ለሕፃናት አእምሮ፣ መርዝ ነው እንጂ። ኢትዮጵያም በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣ ደንብ በቀለም ውስጥ የሚኖረውን እርሳስ በ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) ገድባለች። ስለዚህ የአሮጌ ፋኖስን ቀለም በደረቁ ፈግፍጎ ማቡነን አይገባም፤ እያራሱ፣ አፍንጫንና አፍን ሸፍነው፣ ልጆችን አርቀው ነው።

የአክስቴን ፋኖስ እንደገና የሠራነው በበጋ ነው። ኤሌክትሪኩን ከቆጣሪው አጥፍተን አወረድነው፤ ሽቦው በጨርቅ የተጠቀለለ የድሮ ሽቦ ስለነበር ያለ ክርክር ተጣለ። ማግኔት አስጠጋንበት። ማንጠልጠያው አልያዘም፣ ነሐስ ነው፤ ነሐስ እንዲህ አይዝግምና በሳሙና ታጥቦ ተወለወለ። የቀረውን ካራስን በኋላ በሽቦ ብሩሽ ፈገፈግነው፣ ኮምጣጤ ውስጥ አሳደርነው፣ ጠዋት በብርጭቆ ወረቀት ጨረስነው። አሲዱ ብረቱ ላይ እንዳይቀር በቤኪንግ ሶዳ ውሃ አጥበን ወዲያው ፀሐይ ላይ አደረቅነው። እዚህ ላይ መዘግየት አይቻልም፤ ገና የጸዳ ብረት እርጥበት ካገኘ በሰዓታት ውስጥ እንደገና ብርቱካናማ ይሆናል። በቲነር ጠርገን በዚያው ቀን ስስ አድርገን ሁለት ጊዜ አንቲረስት ቀባነው፣ ሲደርቅ ጥቁር የዘይት ቀለም ደረብንበት። ይህን የላይኛውን ቀለም ብዙ ሰው ይተወዋል፤ አጥርና በር ሁሉ በቀይ ቡናማው ለዓመታት ይቆማል። አንቲረስት ብቻውን ግን ፀሐይና ዝናብ አይችልም፤ ውሃ እያሳለፈ ይሄዳል።

ስንፈገፍግ አንድ ነገር አገኘን። የፋኖሱ ወለል መሐል ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ ነበረች፤ የመጀመሪያው ሠሪ ውሃ እንዲፈስባት የተዋት። ያለፈው ዓመት አንቲረስት ግጥም አድርጎ ደፍኗት ነበር።