ኤስ ኤስ አይ፦ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች የሚከፈለው የአሜሪካ ድጎማ እና አያያዙ

ኤስ ኤስ አይ የአሜሪካ ሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት የሚከፍለው ወርሃዊ ድጎማ ነው። ገቢያቸውና ጥሪታቸው አነስተኛ የሆነ አረጋውያን፣ ዓይነ ስውራንና አካል ጉዳተኞች ያገኙታል። ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጉ ልጆችም ተጠቃሚ ናቸው፤ ከእነሱ መካከል ኦቲዝም ያለባቸው በርካታ ናቸው። በ2026 ከፍተኛው የፌዴራል ክፍያ በወር 994 ዶላር ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ስሙ ከሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ጋር ቢያያዝም ገንዘቡ ከጡረታው ፈንድ አይወጣም። የሚመጣው ከመንግሥት ጠቅላላ ገቢ ነው። ስለዚህ ወላጅ ሠርቶ የከፈለው መዋጮ አነሰም በዛ ለውጥ የለውም።

ሕጉን በ1972 የፈረሙት ፕሬዚዳንት ኒክሰን ናቸው። ክፍያው ጥር 1974 ተጀመረ። መጀመሪያ ላይ አንድ ልጅ ድጎማውን የሚያገኘው ሕመሙ በመሥሪያ ቤቱ ዝርዝር ውስጥ ካለው ጋር ሲገጥም ብቻ ነበር። አዋቂ ግን ከዝርዝሩ ውጭ ቢሆን እንኳ መሥራት መቻል አለመቻሉ ይታይለት ነበር። ዜብሊ የተባለ ቤተሰብ ይህን ተሟገተ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም የካቲት 1990 በ7 ለ2 ድምፅ ልጆችም በግል ሁኔታቸው ሊመዘኑ ይገባል ብሎ ወሰነ። የተቀባዮቹ ቁጥር በፍጥነት አደገ። ወዲያው «ወላጆች ልጆቻቸውን እያሠለጠኑ ያስመስላሉ» የሚል ወሬ ተነዛ። የመንግሥት ምርመራዎች የተስፋፋ ማጭበርበር አላገኙም፤ ሆኖም በ1996 ሕጉ ጠበቀ። መጥበቁ ያስፈልግ ነበር የሚሉ አሉ። ከድጎማው የወጡ ልጆችን ቤተሰቦች የጠየቀ ግን ሌላ መልስ ይሰማል።

ዛሬ የሚሠራበት የኦቲዝም መመዘኛ ከጥር 2017 ጀምሮ የጸና ነው። ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 18 ለሆኑ ልጆች ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንደኛው የሕክምና ማስረጃ ነው። በንግግር፣ በምልክት መግባባትና ከሰው ጋር ባለ ግንኙነት ጉድለት መኖሩን፣ ደግሞም ጠባብና ተደጋጋሚ ባሕርይ መኖሩን ማሳየት አለበት። ሁለተኛው የችግሩ ክብደት ነው። የሚታዩት ዘርፎች አራት ናቸው፦ መረዳትና ማስታወስ፣ ከሌሎች ጋር መግባባት፣ በትኩረት መቆየት፣ ራስን መግዛትና ለውጥን መልመድ። በአንዱ እጅግ የከበደ ወይም በሁለቱ የከበደ ችግር ካለ ልጁ ያልፋል። «ኦቲዝም አለበት» የሚል የሐኪም ወረቀት ብቻውን አይበቃም።

ብዙ የእኛ ቤተሰቦች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ቅጹ «ልጁ ጫማውን ራሱ ያደርጋል?» ብሎ ይጠይቃል። እናት ገበናዋን አደባባይ ማውጣት አትወድም። ልጇም በዓይኗ ጎበዝ ነው። «አዎ» ብላ ታልፋለች። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ልጁ ጫማ የሚያደርገው እሷ ወለል ላይ ቁጭ ብላ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ስታሳየው ነው። ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። ካልሲው ትንሽ ከተጣመመ ሁሉም እንደገና ይጀመራል። መጻፍ ያለበት ይህ ነው። ውሸት አይጨመርበት፤ እውነቱም አይቆረጥ። የአስተማሪ መጠይቅና የትምህርት ቤቱ የልዩ ትምህርት ዕቅድ አብረው ቢያያዙ ትልቅ እገዛ ነው። ቋንቋ ለሚቸግረው መሥሪያ ቤቱ አስተርጓሚ በነፃ ያቀርባል፤ ልጅን በአስተርጓሚነት ይዞ መሄድ አያስፈልግም።

ልጁ ከ18 ዓመት በታች ስለሆነ ገንዘቡ የሚገባው ለተወካይ ተቀባይ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ለወላጅ። በአማርኛ ለዚህ ሥራ የሚስማማው ቃል አደራ ነው። ብሩ የልጁ ነው። መጀመሪያ ለምግቡ፣ ለመጠለያው፣ ለልብሱና ለሕክምናው ይውላል። የተረፈው በስሙ ይቀመጣል። ከ2018 ወዲህ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ ወላጆች ዓመታዊ የሒሳብ ሪፖርት እንዲልኩ አይጠየቁም። መዝገብ መያዝ ግን አልቀረም፤ መሥሪያ ቤቱ በፈለገ ጊዜ ማየት ይችላል። አብሮ የሚኖር ወላጅ የልጁን ብር ከቤቱ ሒሳብ እንዲለይ ደንቡ ባያስገድደውም፣ መለየቱ ኋላ ከብዙ ጭቅጭቅ ያድናል። እቁብ ውስጥ መክተት አይበጅም፤ ብሩ በሌላ ሰው እጅ እያለ የማን እንደሆነ ማስረዳት ይከብዳል። በመዝገብ አያያዝ እንኳ የእኛ እናቶች አይታሙም። የእድር ደብተር የያዘች ሴት ደረሰኝ በየፖስታው ለይታ፣ በወር በወር ጽፋ ማስቀመጥ አዲስ አይሆንባትም።

የጥሪት ጣሪያው ጠባብ ነው። የልጁ የሚቆጠር ንብረት ከ2,000 ዶላር ማለፍ የለበትም። ይህ ቁጥር ከ1989 ጀምሮ አልተነካም፤ ኑሮው ግን ባለበት አልቆመም። የወላጅም ገቢና ንብረት ለልጁ ይታሰባል። ከወላጅ ንብረት ላይ ለነጠላ ወላጅ 2,000፣ ለሁለት ወላጆች 3,000 ዶላር ይቀነስለታል። የሚኖሩበት ቤትና አንድ መኪና አይቆጠሩም። መውጫው በ2014 በወጣ ሕግ የተፈቀደው ኤብል የሚባለው የቁጠባ ሒሳብ ነው። በእሱ ውስጥ እስከ 100,000 ዶላር ቢጠራቀም ኤስ ኤስ አይን አይነካም።

ውዝፍ ክፍያ ሲመጣ ሌላ ደንብ አለ። ከስድስት ወር ከፍተኛ ክፍያ በላይ ከሆነ ለብቻው በተከፈተ ልዩ ሒሳብ መግባት አለበት። ከዚያ የሚወጣው ለሕክምና፣ ለትምህርትና ከኦቲዝሙ ጋር ለተያያዘ እርዳታ ነው። ለቤት ኪራይ ከወጣ ወላጅ ከኪሱ ሊከፍል ይችላል።

ክረምት ሲመጣ የሚረሳ ነገር አለ። ልጁ ለ30 ተከታታይ ቀን ከአሜሪካ ከወጣ ክፍያው ይቆማል፤ የሚመለሰውም ተመልሶ ሌላ 30 ተከታታይ ቀን ከቆየ በኋላ ነው። አያት ለመጠየቅ አዲስ አበባ ስድስት ሳምንት የሚቆይ ቤተሰብ ይህ ይመለከተዋል። ማንኛውም ለውጥ በሚቀጥለው ወር እስከ 10ኛው ቀን መነገር አለበት። ሳይነገር ቀርቶ ቼኩ ከገባ ብሩ አይነካ፤ ውሎ አድሮ ዕዳ ሆኖ ይመጣል። ዕዳው ጥፋቱ የወላጅ ባይሆንና መክፈል ቢያቅት፣ እንዲሰረዝ በቅጽ ማመልከት ይቻላል።

ሜዲኬይድ፣ ማለትም ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች መንግሥት የሚሰጠው የጤና መድን፣ አሰጣጡ እንደ ክፍለ ግዛቱ ይለያያል። ሜሪላንድና ዋሽንግተን ዲሲ ኤስ ኤስ አይ ያገኘ ልጅ ወዲያው ይገባል፤ ቨርጂኒያ ለብቻ ማመልከት ይጠይቃል።

ለእምቢታ ደብዳቤ ይግባኝ የሚባለው በ60 ቀን ውስጥ ነው። ይከፈል የነበረ ድጎማ በሕክምና ምክንያት ሲቋረጥ ግን፣ ይግባኙ እስኪታይ እንዲቀጥል የሚፈልግ በ10 ቀን ውስጥ መጠየቅ አለበት።

ልጁ 18 ሲሞላው በአዋቂ መመዘኛ እንደገና ይታያል። የወላጅ ገቢ መታሰቡ ያኔ ይቀራል። ስለዚህ በወላጅ ደመወዝ ምክንያት ተከልክሎ የነበረ ልጅ እንደገና ቢያመለክት ሊያገኝ ይችላል። የአደራውም ነገር እንደ አዲስ ይነሳል፤ ወላጅ ተወካይ ሆኖ ለመቀጠል ከፈለገ መሥሪያ ቤቱን መጠየቅ አለበት። የውክልና ሥልጣን ወረቀት በሶሻል ሴኩሪቲ ዘንድ አይሠራም፤ ተወካዩን የሚሾመው መሥሪያ ቤቱ ራሱ ነው።