ስለ ባለጌና ረባሽ ሰው የእንግሊዝኛ ስሞች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እንግሊዝኛ ረባሽና ስድ ሰውን የሚጠራባቸው የአራዳ ቃላት ሞልተውታል። እኛ ግን ወደ አማርኛ ስንመልሳቸው ሁሉንም «ዱርዬ» ብለን ስለምናልፋቸው፣ ከየት እንደመጡና ማንን እንደሚያቆስሉ የሚነገሩት ስሕተቶች ሳይታረሙ ይዘልቃሉ።

«ሁሊጋን የኳስ ሜዳ ቃል ነው» የሚለው አንዱ ነው። ቃሉ በለንደን ጋዜጦች ላይ በሰፊው የታየው እ.ኤ.አ. በ1898 በጎዳና ጠብ ተከሰው ፍርድ ቤት ስለቀረቡ ወጣቶች ሲጻፍ ነበር፤ ከእግር ኳስ ደጋፊ ጋር የተጣበቀው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

ስለ «ቻቭ» የሚነገረው ስሕተት ጉዳቱ ይከፋል። ቃሉ «በመንግሥት የኪራይ ቤት የሚኖር ጠበኛ» የሚል ትርጉም ካላቸው የእንግሊዝኛ ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት የተገጣጠመ ነው ይባላል። ይህ ቃሉ ከተስፋፋ በኋላ የተለጠፈበት ፈጠራ ነው፤ የቋንቋ አጥኚዎች የሚያዛምዱት «ጂፕሲ» እየተባለ በሚጠራው የሮማ ሕዝብ ቋንቋ «ልጅ» ማለት ከሆነው «ቻቪ» ጋር ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በብሪታንያ ሲዛመት፣ ቱታ የለበሰ፣ ካሬ ጥለት ያለው ኮፍያ የደፋና የወርቅ ሰንሰለት ያጠለቀ ወጣት ማንንም ሳይነካ በአለባበሱና በሰፈሩ ብቻ ይሰደብበት ጀመር። ስለዚህ «ባለጌ» ለማለት ብሎ ቻቭ የሚል ሰው፣ ሳያውቀው በድህነት እየተሳደበ ነው።

«ዮብ»ን ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ስድብ የነበረ የሚያስመስሉት አሉ። «ቦይ»፣ ማለትም «ወንድ ልጅ»፣ ከኋላ ወደ ፊት ሲነበብ «ዮብ» ይሆናል፤ ነገሩ ይኸው ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን የለንደን የጎዳና ነጋዴዎች፣ ልጆች ሳለን ትልልቆቹ እንዳይገባቸው በወፍ ቋንቋ እንደምናወራው ሁሉ፣ ቃላትን እየገለበጡ ይነጋገሩ ነበር። ባለጌ ወጣት ማለት የሆነው ኋላ ነው።

«ታግ»ን የራፕ ሙዚቃ የወለደው ቃል አድርጎ ማሰብም ትክክል አይደለም። ምንጩ በሂንዲ «አታላይ፣ ሌባ» ማለት የሆነ ቃል ሲሆን፣ ወደ እንግሊዝኛ የገባው እንግሊዞች ሕንድን ሲገዙ መንገደኛን እየገደሉ ይዘርፋሉ ስለተባሉ ቡድኖች ሲጽፉ ነው። ዛሬ በአሜሪካ ቃሉ በጥቁር ወጣቶች ላይ ደጋግሞ ይወረወራል፤ የሲያትል የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ተጫዋች የነበረው ጥቁር አሜሪካዊው ሪቻርድ ሸርማን እ.ኤ.አ. በ2014 ይህ ስም ሲሰጠው፣ በአደባባይ የማይባለው የዘረኝነት ስድብ መሸፈኛ መሆኑን በግልጽ ተናግሯል። እዚያ የሚኖሩ ወላጆቻችን «ታግ አትሁን» ብለው የሚገሥጹት ልጅ፣ ይህንኑ ቃል በቆዳው ቀለም ምክንያት ከማያውቀው ሰው ሊሰማው ይችላል።