ሶፍትዌሩ ጆሮ የለውም፦ በሙዚቃ ስለሚንቀሳቀሱ ቅንጣቶች የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ባሕር ዳር ውስጥ ለዘፈን ቪዲዮና ለሠርግ አዳራሽ ስክሪን አኒሜሽን እሠራለሁ። በብዛት የምጠየቀው በሙዚቃ የሚንቀሳቀሱ ቅንጣቶችን ነው፤ በሺህ የሚቆጠሩ የብርሃን ነጥቦች ስክሪኑ ላይ ይበተናሉ፣ ይሰበሰባሉ፣ ዘፈኑ ሲደምቅ አብረው ይደምቃሉ። ሰዉ ዘፈኑን በፍላሽ ይዞ ይመጣና «አስገባውና ከዘፈኑ ጋር ይጨፍርልን» ይለኛል። ከሞጣ የመጣውም፣ ከዳንግላ የመጣውም፣ ከደብረ ማርቆስ የመጣውም ብሎኛል። ደንበኛ ይበል፤ የማወቅ ግዴታ የለበትም። ትዕግሥቴን የሚያስጨርሰኝ ሙያውን እንማር ብለው የሚመጡ ወጣቶች ያንኑ ሲደግሙት ነው።

«ሶፍትዌሩ ሙዚቃውን ሰምቶ ራሱ ያንቀሳቅሳቸዋል»

አይሰማም፤ ይለካል። በሲዲ ጥራት የተቀዳ ድምፅ ለኮምፒውተሩ በሰከንድ 44,100 ቁጥር ማለት ነው። ፕሮግራሙ ከዚህ ላይ አንድ ቁራጭ፣ ለምሳሌ 1,024 ቁጥር፣ ይወስዳል፤ ይህ 23 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይሆናል። ከቁራጩ ውስጥ ወፍራሙ ድምፅ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው፣ መካከለኛውና ቀጭኑም እንዲሁ፣ ለይቶ ያወጣል። የስሌቱ ሐሳብ ፈረንሳዊው ዦዜፍ ፉርዬ እ.ኤ.አ. በ1822 ስለ ሙቀት ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የሚገኝ ነው፤ ለኮምፒውተር የሚመች ፈጣን መንገድ ያሳተሙለት ኩሊና ቱኪ የተባሉ አሜሪካውያን ሲሆኑ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1965 ነው። የፕሮግራሙ ችሎታ እዚህ ላይ ያበቃል። ከሚወጡት ቁጥሮች መካከል «ይህ ማሲንቆ ነው» ወይም «አዝማቹ አሁን ገባ» የሚል የለም። የትኛው ቁጥር የትኛውን እንቅስቃሴ እንደሚያዝ የሚወስነው ሠሪው ነው፤ ገንዘብ የሚከፈለንም ለዚሁ ውሳኔ ነው።

ችግሩ ማንም አለመወሰኑ ነው። ጀማሪው የዘፈኑን ጠቅላላ የድምፅ ጉልበት ይወስድና ከቅንጣቶቹ መጠን ጋር ያያይዘዋል፤ ስሙንም «ምት» ይለዋል። በኢንተርኔት የሚለቀቁት ትምህርቶች በብዛት የሚዘጋጁት በኤሌክትሮኒክ ከበሮ በተሠራ ሙዚቃ ስለሆነ እዚያ ላይ ያስኬዳል፤ ከበሮው በተመታ ቁጥር ጠቅላላው ጉልበት ይዘላል፣ ቅንጣቱም ይዘላል። ልጁ ተማርሁ ብሎ በዚሁ ዕውቀት ወደ ጎጃም ዘፈን ይመጣል።

ማሲንቆ አንድ የፈረስ ጭራ አውታር ያለው መሣሪያ ነው፤ በደጋን ይሳባል እንጂ አይመታም። ድምፁ ቀስ ብሎ ይነሣል፣ ይቆያል፣ ይታጠፋል። አዝማሪው አንድ ድምፅ ይዞ ሲሰነብት የጉልበቱ መስመር ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ትንፋሽ ሲወስድ ደግሞ ይወድቃል። ከፍኖተ ሰላም አካባቢ የመጣ አንድ ድምፃዊ ሌላ ቦታ ያሠራውን ቪዲዮ እንዳስተካክልለት አመጣልኝ። አፉን በከፈተ ቁጥር ብርሃኑ ይፈነዳል፤ እስክስታው ሲጦፍና ትከሻ ሲርገፈገፍ ግን ቅንጣቶቹ ቆመው ያያሉ። «ዘፈኑ እኮ የሚሞቀው እዚህ ጋ ነው» እያለ በጣቱ ያሳየኝ ነበር። እውነቱን ነው። ትከሻውን የሚያስነሣው ጭብጨባውና ከበሮው ናቸው፤ በጠቅላላው ጉልበት ውስጥ ግን ሁለቱም በእሱ ድምፅ ተውጠዋል።

እንዴት ይወጣሉ? ከበሮ ሁለት ፊት አለው፤ ሰፊው ወፍራም፣ ጠባቡ ቀጠን ያለ ድምፅ ይሰጣል። ለሰፊው ፊት ከ150 ሄርዝ (በሰከንድ 150 ንዝረት) በታች ያለውን ብቻ ለይታችሁ ለኩ። ጭብጨባ በአብዛኛው ከ1,000 እስከ 3,000 ሄርዝ ባለው ክልል ይጎላል፤ ነገር ግን የዘፋኙም ድምፅ እዚያው ክልል ውስጥ ስለሚገባ የጉልበቱን መጠን መለካት አይበቃም። የሚለካው ጭማሪው ነው፦ ይህ ቁራጭ ካለፈው ቁራጭ በስንት በለጠ? ዜማ ቀስ ብሎ ስለሚነሣ ጭማሪው ጥቂት ነው፤ ጭብጨባ ግን ድንገት ስለሚመጣ ጭማሪው ትልቅ ነው። ይህን አንድ ነገር ብቻ የያዘ ልጅ ውድ ማሟያ ፕሮግራም ከገዛው ይበልጣል።

ማሲንቆውንስ? ለእሱ ምት መፈለጉን ተዉትና ቅኝቱን ተጠቀሙ። ትዝታም ባቲም አምባሰልም አንቺሆዬም አምስት አምስት ድምፅ ናቸው። ስክሪኑ ላይ አምስት የስበት ነጥቦች ትከሉ፤ የዜማውን ከፍታ የሚከታተል መሣሪያ ማሲንቆው የትኛው ድምፅ ላይ እንዳለ ሲያሳውቅ ቅንጣቶቹ ወደዚያ ነጥብ ይፍሰሱ። አዝማሪው ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲያንሸራትት እነሱም በመካከል ይንሸራተታሉ። አንድም ፍንዳታ ሳይኖር ተመልካቹ ከስክሪኑ ላይ ዓይኑን አይነቅልም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን በየመሣሪያው ተለይቶ የተቀዳውን ፋይል ከስቱዲዮው ጠይቁ፤ ከበሮ ለብቻው፣ ማሲንቆ ለብቻው፣ ድምፅ ለብቻው። ብዙ ስቱዲዮዎች ለየብቻ ቀድተው ነው የሚያቀላቅሉት። መጠየቅ ያፈረ ሰው ከተቀላቀለው ጋር ሲታገል ያድራል። ዘፈኑ በቡድን በአንድ ጊዜ የተቀዳ ከሆነ ብቻ ነው ማጣራቱ ግድ የሚሆነው።

«በገና ወፍራም ስለሆነ ከወፍራሙ ድምፅ ጋር አያይዘው»

መዝሙር የሚያሠሩ ሰዎች ይህን ይወዱታል። የበገና አሥር አውታሮች በእርግጥ ወፍራም ድምፅ አላቸው። ነዘር የሚለውን ድምፅ የሚሰጠው ግን በአውታሩና በመቆሚያው መካከል የሚገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዝራው፣ ነው፤ ይህ ንዝረት ጉልበቱን ወደ ቀጭኑ ድምፅ ሩቅ ድረስ ይበትነዋል። ወፍራሙን ብቻ የለካ ሰው የበገናውን ጠባይ ቆርጦ ጥሎታል።

«ምቱን በአራት ቁጠረው፤ በደቂቃ 120 ላይ አድርገው»

የእስክስታ ዘፈን በብዛት የሚሄደው በስድስት ነው። ምቱን በራሱ የሚፈልገው የፕሮግራሙ ክፍል ቢሳሳት አይግረማችሁ፤ ቁጥሩን በጣታችሁ እየመታችሁ ራሳችሁ ሙሉት።

«የቀኙ ግማሽ አይንቀሳቀስም፤ ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል»

አልተበላሸም። ፕሮግራሙ ከ0 እስከ 22,050 ሄርዝ ያለውን በስክሪኑ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ እኩል እኩል ሲከፍለው ግማሹ ከ11,025 በላይ ይውላል። የጆሮ አቆጣጠር በእጥፍ ነው፤ ከ20 ወደ 40፣ ከ40 ወደ 80 እያለ እስከ 20,000 ድረስ አሥር ያህል እርከን አለ። የቀኙ ግማሽ ከእነዚህ መካከል የመጨረሻው አንድ እርከን ብቻ ነው፤ እዚያ ደግሞ ከጸናጽል ዓይነት ድምፅ በቀር ብዙም የለም። አከፋፈሉን በእጥፍ አድርጉትና ይንቀሳቀሳል።

«ማለስለሻውን ከፍ ካደረግኸው ያምራል»

ያምራል፤ ግን ይዘገያል። ማለስለስ ማለት የአሁኑን ልኬት ካለፈው ጋር ማደባለቅ ነው። በኢንተርኔት ማሰሻዎች ውስጥ ያለው የድምፅ መተንተኛ ካልነካችሁት 0.8 ላይ ነው የሚመጣው፤ ይኸውም ከእያንዳንዱ ልኬት ውስጥ 80 በመቶው ያለፈው ነው። መዘግየቱ ደግሞ በመጥፎው በኩል ነው። ማዶ ያለ ሰው እንጨት ሲፈልጥ መጥረቢያው ሲያርፍ ቀድመን እናያለን፣ ድምፁ ዘግይቶ ይደርሰናል፤ ዓይናችንና ጆሯችን በዚህ ቅደም ተከተል ነው ያደጉት። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለቴሌቪዥን ባወጣው ምክረ ሐሳብም ድምፁ ምስሉን በ45 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ሲቀድም ተመልካች ያስተውላል፤ ድምፁ ሲዘገይ ግን እስከ 125 ድረስ አይታወቀውም። በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) በምንሠራው ሥራ አንዱ ፍሬም 40 ሚሊ ሰከንድ ነው። ስለዚህ በሁለት ፍሬም የዘገየ ብርሃን ተነቅቶበታል። አነሣሡን ፈጣን፣ አወራረዱን ዝግ ያለ አድርጉ። ቀድሞ የሚዘጋጅ ቪዲዮ ከሆነ ደግሞ እንቅስቃሴው በሙሉ ከድምፁ አንድ ፍሬም እንዲቀድም አድርጉት፤ ማንም አይነቃባችሁም።

«ቅንጣት በበዛ ቁጥር ያምራል»

በእናንተ ኮምፒውተር ላይ፣ አዎን። የቪዲዮ መጭመቂያው ፋይሉን የሚያሳንሰው አንዱን ፍሬም ካለፈው ጋር አመሳስሎ ልዩነቱን ብቻ በማስቀመጥ ነው። መቶ ሺህ ነጥብ በየአቅጣጫው ሲሮጥ የሚመሳሰል ነገር አይኖርም። ለአንድ ሙሽራ የሠራሁትን ቪዲዮ ዘመዶቹ በስልክ እየጨመቁ ሲቀባበሉት የደረሰኝን ቅጂ አይቼዋለሁ፤ ከዋክብቱ ግራጫ አተላ ሆነዋል። ቁጥራቸውን ቀንሱ፣ መጠናቸውን ጨምሩ፣ ጀርባውን አጥቁሩ።

«ውድ ኮምፒውተር ከሌለህ አትሞክረው» ለሚለው ብሌንደር የተባለው የአኒሜሽን ፕሮግራም ነፃ ነው፤ ጥቂት ሺህ ቅንጣት ተራ ላፕቶፕም ይሸከማል። «ትናንት የመጣ የፈረንጅ ፋሽን ነው» ለሚለው ደግሞ ጀርመናዊው ኧርነስት ክላድኒ በብረት ሳህን ላይ አሸዋ ነስንሶ ጠርዙን በቫዮሊን ደጋን እየሳበ አሸዋው በድምፅ ቅርጽ ሲይዝ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1787 ነው። የኮምፒውተር ባለሙያው ዊሊያም ሪቭስም የኮምፒውተር ቅንጣቶችን አሠራር በጽሑፍ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው።

«በአንዴ ወደ ቪዲዮ አውጣው»

ይህን የሚመክር ሰው መብራት የማይጠፋበት አገር ይኖራል። የአራት ደቂቃ ዘፈን 6,000 ፍሬም ነው። በአንድ የቪዲዮ ፋይል እያወጣችሁ 5,900ኛው ላይ መብራት ቢሄድ ፋይሉ አብዛኛውን ጊዜ አይከፈትም፤ ከ1 ትጀምራላችሁ። እያንዳንዱን ፍሬም ለየብቻ ምስል አድርጋችሁ አውጡ፤ መብራት ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል፣ መጨረሻ ላይ ከድምፁ ጋር ማያያዙ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ግን የቅንጣቶቹን ስሌት ዲስክ ላይ አስቀምጡ። አለዚያ ፕሮግራሙ ሲከፈት ከመሐል እንደ አዲስ ሊያሰላቸው ይችላል፤ መብራት የጠፋበት ቦታ ላይ ቅንጣቶቹ ሁሉ ድንገት ቦታ ይቀያየራሉ።