ግዞተኛ አባት፣ አቦርጂን እናት፦ የአውስትራሊያ ቤተሰቦች የዘር ታሪክ

አውስትራሊያ ውስጥ አያት ቅድመ አያት እያሉ ወደ ኋላ ሲቆጥሩ ሁለት የማይመሳሰሉ ሰዎች ላይ የሚደርሱ ብዙ ቤተሰቦች አሉ። አንዱ እንግሊዝ ወይም አየርላንድ ተፈርዶበት በመርከብ የተጋዘ ሰው ነው። ሌላዋ፣ ያ መርከብ ከመምጣቱ በፊት ወገኖቿ በዚያው ምድር ለብዙ ሺህ ዓመታት የኖሩ አቦርጂን ሴት ናት። የገዛቸው አንድ መንግሥት ነው። የመዘገባቸው ግን እኩል አይደለም፤ የዘር ታሪኩ በአባት በኩል ሞልቶ በእናት በኩል የሚቆራረጠውም ለዚህ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከ1788 እስከ 1868 ብሪታንያ 162,000 ገደማ ግዞተኞችን ወደ አውስትራሊያ ልካለች። አብዛኞቹ በስርቆት የተፈረደባቸው ድሆች ናቸው፤ ቅጣቱ 7 ዓመት፣ 14 ዓመት ወይም ዕድሜ ልክ ነበር። ሲደርሱ ጸሐፊ ይመዘግባቸዋል። ስም፣ ዕድሜ፣ የትውልድ ቦታ፣ ሙያ፣ ወንጀል፣ ቁመት፣ የዓይን ቀለም፣ ጠባሳና ንቅሳት ሳይቀር ይጻፋል፣ ምክንያቱም ሰውየው ቢጠፋ በመልኩ ተፈልጎ መያዝ አለበት። ያ የጥበቃ መዝገብ ዛሬ ለልጅ ልጆቹ ሀብት ሆኗል። ፎቶ የሌለውን ቅድመ አያታቸውን ክንዱ ላይ ምን እንደተነቀሰ ጭምር ያውቃሉ።

በእናት በኩል ይህ የለም። በ1789 ሲድኒ አካባቢ የገባው ፈንጣጣ ብዙ ሰው ፈጀ። ከዚያ ግድያውና የመሬት ነጠቃው ተከተለ፤ የተረፉት ተበታተኑ። በቅኝ ገዢዎቹ ወረቀት ላይ ብቅ የሚሉት ብዙ ጊዜ አንድ ገበሬ ባወጣላቸው የእንግሊዝ ስም ነው፦ ሜሪ፣ ጃኪ፣ በቃ። በ1830ዎቹ መንግሥት በየዓመቱ ብርድ ልብስ ሲያድል የተቀባዮችን ስምና የተገመተ ዕድሜ ይጽፍ ነበር። ለብዙ ቤተሰቦች የአያታቸው ብቸኛ የጽሑፍ ማስረጃ ያ የብርድ ልብስ ዝርዝር ነው።

ከዚህ ሁሉ ጎልታ የምትታየው ማሪያ ሎክ ናት። ከሲድኒ በስተምዕራብ በሚገኘው የሆክስበሪ ወንዝ አካባቢ፣ በ1805 ገደማ ተወለደች። አባቷ ያራሙንዲ ከዳሩግ ሕዝብ የቡሩበሮንጋል ጎሳ መሪ ነበር። በ1814 መጨረሻ አገረ ገዢው ላክላን ማኳሪ ፓራማታ ላይ ለአቦርጂን ልጆች ያቋቋሙት ትምህርት ቤት ገባች። በ1819 በተደረገው የትምህርት ቤቶች ፈተና አንዲት የ14 ዓመት አቦርጂን ልጅ መቶ ገደማ የነጭ ልጆችን በልጣ አንደኛ ሽልማቱን ወሰደች፤ ያቺ ልጅ ማሪያ እንደነበረች ይታመናል።

በጥር 1824 ሮበርት ሎክ የተባለ አናጢ ግዞተኛ አገባች። በአቦርጂን ሴትና በግዞተኛ መካከል በመንግሥት ፈቃድ የተፈጸመ የመጀመሪያው ጋብቻ ነው። ማሪያ ማንበብና መጻፍ ትችላለች፤ እሱ አይችልም። ፍርዱን ስላልጨረሰም መንግሥት ለሚስቱ መደበው፤ በወረቀት ላይ ኃላፊው እሷ ነበረች ማለት ነው። በዚያ ዘመን አንዲት አቦርጂን ሴት በአንድ እንግሊዛዊ ላይ ኃላፊ መባሏ ቀላል ነገር አይደለም።

በ1831 ለአገረ ገዢው ራልፍ ዳርሊንግ አቤቱታ አቀረበች። የሞተው ወንድሟ ኮልቢ ብላክታውን ላይ ከማኳሪ ያገኘው 30 ኤከር መሬት ይሰጠኝ አለች። ያንን መሬት በእጇ ያስገባችው በ1843 ነው። ከሮበርት አሥር ልጆች ወልዳ አንዱ በሕፃንነቱ ሞተባት። በ1878 ስታርፍ መሬቷ ለዘጠኙ ልጆቿ በእኩል ተከፈለ፤ ዘሮቿም እስከ 1920 አካባቢ ኖሩበት። ከዚያ የአቦርጂኖች ጥበቃ ቦርድ የሚባለው የመንግሥት አካል ወሰደባቸው። ዛሬ በጣም ብዙ የዳሩግ ቤተሰቦች ራሳቸውን የማሪያ ልጆች ይላሉ።

ሁሉም ጥምረት ግን እንደ ማሪያ በፈቃድና በቃል ኪዳን የተፈጸመ አልነበረም። ከደቡባዊቷ ደሴት ከታዝማኒያ በስተሰሜን፣ በባስ ወሽመጥ ደሴቶች፣ አቆስጣ የሚባለውን የባሕር እንስሳ የሚያድኑ ነጮች (አንዳንዶቹ የቀድሞ ግዞተኞች ናቸው) ብዙ አቦርጂን ሴቶችን ጠልፈው ወስደዋል። ይህን ሳይናገሩ ስለ ቤተሰብ ታሪክ ማውራት ተገቢ አይመስለኝም። ዶሊ ዳልሪምፕል በ1808 ገደማ ከእንዲህ ዓይነቱ ዓለም ተወለደች። አባቷ ጆርጅ ብሪግስ የሚባል አቆስጣ አዳኝ፣ እናቷ ደግሞ የመሪው የማናላርጌና ልጅ ነበረች። ዶሊ ቶማስ ጆንሰን ከሚባል ግዞተኛ ጋር ኖራ በ1831 አገባችው። በዚያው ዓመት አቦርጂኖች ቤቷን ሲያጠቁ በጠመንጃ ለሰዓታት ተከላክላ ልጆቿን አዳነች፤ መንግሥትም ለእሷ 20 ኤከር መሬት፣ ለባሏ ነፃነት ሰጠ። ከሁለቱም ወገን የተወለደች ሴት በገዛ የእናቷ ወገኖች ላይ መተኮሷ ለዘሮቿ ዛሬም ከባድ ታሪክ ነው። ግን እናቷን አልረሳችም። በ1841 ፍሊንደርስ ደሴት ላይ ተግዛ የነበረችው እናቷ እንድትለቀቅላት ለመነች፣ ተፈቀደላት፣ አሮጊቷም እስክትሞት እሷ ዘንድ ኖረች።

አቦርጂኗ ፋኒ ኮክረን ስሚዝም የዚያው የፍሊንደርስ ደሴት ልጅ ናት። በ1854 ያገባችው ዊልያም ስሚዝ የቀድሞ ግዞተኛ ነው፤ 11 ልጆች ወለዱ። በ1899 እና በ1903 በሰም ሲሊንደር (በጥንቱ የድምፅ መቅጃ) የተቀዳው ዜማዋ ዛሬም ይሰማል።

ቀጥሎ የመጣው ትውልድ ግን ይህን ሁሉ ደበቀ። ግዞተኛ አያት ነውር ነበር፤ ታዝማኒያ በ1856 የድሮ ስሟን ቫን ዲመንስ ላንድን የጣለችው ከዚህ ስም ለመሸሽ ጭምር ነው። አቦርጂን አያት ደግሞ ከነውርም አልፎ አደጋ ነበር። ሲድኒ ባለችበት ግዛት በኒው ሳውዝ ዌልስ ውስጥ ከ1915 ጀምሮ የጥበቃ ቦርዱ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ልጅን ከወላጅ መንጠቅ ይችል ነበር። ስለዚህ «አያታችን ስፔናዊት ናት»፣ «ማኦሪ (የኒውዚላንድ ነባር ሕዝብ) ናት» ተባለ። ከ1970ዎቹ ወዲህ ግዞተኛ ቅድመ አያት መኩሪያ ሲሆን አቦርጂኗ አያት ግን በብዙ ቤት ገና በሹክሹክታ ነበረች።

ዛሬ አቦርጂንነት በአብዛኛው የሚታወቀው በሦስት ነገር ነው፦ በዘር፣ ሰውየው ራሱን አቦርጂን ብሎ በመጥራቱ፣ ማኅበረሰቡም የእኛ ነው ብሎ በመቀበሉ። የደም መጠን አይቆጠርም። ካንቤራ የሚገኘው የአቦርጂንና የቶረስ ወሽመጥ ደሴቶች ሕዝቦች ጥናት ተቋም ፈላጊዎችን ይረዳል። ልጆችን የነጠቀው የቦርዱ ፋይል ራሱ ዛሬ የልጅ ልጆች ዘመድ የሚፈልጉበት ሰነድ ሆኗል። ከወረቀቱ በፊት ግን በሕይወት ያሉ አክስቶችንና አያቶችን መጠየቅ ይሻላል። አንዲት ሴት በሦስት መዝገብ ሦስት ስም ሊኖራት ይችላል፤ አንድ ሰው መሆኗን የሚያውቁት ብዙ ጊዜ እነሱ ብቻ ናቸው።