ሎንግ ፈርም ምንድን ነው?

የክሬይ መንትዮች ሲነሱ ቶሎ ትዝ የሚለን ሽጉጥና ጎራዴ ነው። ሮኒና ሬጂ ክሬይ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ምሥራቅ ለንደንን ያንቀጠቀጡ ወንድማማቾች ናቸው። ገንዘባቸው ግን ከዱላ ብቻ አልመጣም። ከዱቤም ነው።

ሎንግ ፈርም እንግሊዞች ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሚያውቁት የማጭበርበር ዘዴ ነው። አጭበርባሪዎቹ መጋዘን ይከራያሉ። ስሙ ያልጎደፈ ሰው ሥራ አስኪያጅ ብለው ያስቀምጣሉ። ከዚያ ጥቂት ዕቃ በዱቤ ያዝዙና ሒሳቡን በቀኑ ይከፍላሉ። እንደገና ያዝዛሉ፣ እንደገና ይከፍላሉ። አቅራቢው «ቃላቸው ቃል ነው» ማለት ይጀምራል። እምነቱ ሲጠና ከሁሉም አቅራቢ በአንዴ የትየለሌ ዕቃ ያስመጣሉ። በርካሽ፣ በጥሬ ገንዘብ ይቸበችቡትና ላሽ ይላሉ። ሒሳቡን ሊጠይቅ የመጣው ሰው የሚያገኘው ባዶ መደርደሪያና የማይነሳ ስልክ ነው። እኔን የሚገርመኝ ትዕግሥቱ ነው። ሌባ ለወራት ዕዳውን ሳያዛንፍ ሲከፍል አስቡት!

መንትዮቹ ቡጢኞች እንጂ የወረቀት ሰዎች አልነበሩም። ይህን ሥራ የያዘላቸው ሌስሊ ፔይን ነው፤ «አንጎሉ» ይሉት ነበር። የእነሱ ድርሻ ስማቸው ነው። ከክሬዮች ጋር የሚሠራን ሰው ማን ደፍሮ ይነካል?

በኋላ ከፔይን ጋር ተቆራረጡ። ብዙ ያውቃልና ሰጉ። እንዲገድለው ጃክ ማክቪቲ ለሚባል ወንጀለኛ ቅድሚያ ተከፈለው። ማክቪቲ ብሩን በላ፣ ፔይንን ግን አልነካውም። ክፍያው ቀድሞ፣ ዕቃው ቀረ፤ ሎንግ ፈርም በራሳቸው ላይ ተሠራባቸው ማለት ነው። በኦክቶበር 1967 ማክቪቲን «ድግስ አለ» ተብሎ ስቶክ ኒውንግተን ውስጥ ወዳለ ቤት ወሰዱት። የሬጂ ሽጉጥ አልተኩስ አለ። በቢላ ጨረሰው።

ፔይን ነፍሱ ላይ ዋጋ እንደተቆረጠ ሲያውቅ ለመርማሪው ሌናርድ ሪድ የሚያውቀውን ሁሉ ዘረገፈ። ሜይ 8 ቀን 1968 ፖሊስ ሊነጋጋ ሲል በሩን ሰብሮ ገባ። መንትዮቹ ተኝተው ነበር።